አሥራ ሁለት ከረጢት ዘር

የምርምር ጣቢያው ሰዎች የአኩሪ አተር ተመራማሪዋን «ዘጠና ቀን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የትራክተር ሹፌር ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ እንግዳ ለጉብኝት ሲመጣ፣ ሌላው ቀርቶ ሻይ ክበብ ውስጥ ወንበር የተጋራት ሰው ሲገኝ «ዘጠና ቀን ብቻ ይበቃናል» ማለት ታበዛ ነበር። አንድ ጠዋት ሹፌሩ ከሩቅ አያትና «ዘጠና ቀን መጣች» አለ። በዚያው ተለጥፎ ቀረ። እሷም አልጠላችውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አኩሪ አተር እስኪደርስ መቶ ሃያ፣ አንዳንዱም መቶ ሠላሳ ቀን ይፈልጋል። ዝናቡ ደግሞ ከዓመት ዓመት እያጠረ ሄዶ ዘጠና አምስት ቀን ከዘነበ ገበሬው ተመስገን የሚልበት ጊዜ ላይ ተደርሷል። ዝናቡን የሚያስረዝም የለም። የቀረው የተክሉን ዕድሜ ማሳጠር ነበር፤ እሷም አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ስታደርግ ኖረች። ከጥፍር የምታንስ አበባ በወረንጦ ከፍታ፣ ወንዴውን ለቅማ አውጥታ፣ ከሌላ ዝርያ ያመጣችውን ብናኝ ቀብታ፣ በቀይ ክር ምልክት አስራ፣ እንደገና ወደሚቀጥለው አበባ። ወገቧ እዚያው ማሳ ላይ ቀረ ማለት ይቻላል። በሺህ ከሚቆጠሩት ተክሎች ውስጥ አንዱ ቶሎ ይደርስና ፍሬው ይረግፋል፤ ሌላው ፍሬው ያምርና ቅጠሉን በሽታ ይበላዋል። እየጣለች እየጣለች ሄዳ በመጨረሻ ቁጥር አርባ ስድስት ቀረላት። በሰማንያ ስምንት ቀን ይደርሳል፤ በሽታ አይደፍረውም፤ ፍሬውንም አያረግፍም።

ዝርያው ለገበሬ እንዲሰራጭ የሚፈቅደው ኮሚቴ ሁለት ወቅት በገበሬ ማሳ ላይ ተዘርቶ ማየት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ባለፈው ዓመት አለፈ። ለሁለተኛው አሥራ ሁለት ገበሬዎች ማሳቸውን አርሰው፣ ሌላ ዘር ሳይዘሩበት እየጠበቁ ነበር። ሰዎቹን አግባብቶ የሰበሰበላት፣ እሱም ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ነው። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ከረጢት፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ከረጢት ዘር፣ በጣቢያው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አኩሪ አተር ቅባት ያለው ዘር ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት አይችልም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ካገኙት በጥቂት ቀን ውስጥ ነፍሱ ትወጣለች። ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ቁልፍ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው መጋዘን ውስጥ የሠሩ፣ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ቀበቷቸው ላይ ከሚያንጠለጥሉት የቁልፍ ክምር ነው፤ ሲራመዱ ከሦስት ክፍል ርቀት ይሰማሉ።

ሰኞ ጠዋት፣ ከሦስት ቀን የመሥሪያ ቤት ዕረፍት በኋላ፣ ጋሽ ቁልፍ የውጩን ጓጉንቸር ከፍተው ሲገቡ የተቀቀለ ባቄላ የሚመስል ሽታ ተቀበላቸው። ውስጠኛው በር በአንድ ስንዝር ገርበብ ብሏል። ማሽኑ ቀዝቃዛውን አየር በክፍተቱ እየለቀቀ ቀንና ሌሊት ሲሮጥ ቆይቶ ተቃጥሏል። በረዶው ቀልጦ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። ግድግዳው አልቦታል። የሙቀት መለኪያው ሠላሳ ዘጠኝ ይላል።

ዘጠና ቀን ስትደርስ አዛውንቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አልጮኹም።

«ልጄ፣ ነይ እዪ» ብቻ አሉ።

ገባች። ከበሩ አጠገብ ያለውን ከረጢት ነካችው፤ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል። እጇን ከትታ ጥቂት ፍሬ ዘገነችና አየችው። ቢጫ ነው፣ ክብ ነው፣ ምንም አልሆነም። ዓይኗ ሳትፈልግ ወደ ውስጠኛው በር እጀታ ሄደ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ መጨረሻ የወጣችው እሷ ነበረች። በሁለት እጇ የናሙና ትሪ ይዛለች፤ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ቀርቅራ ከወንድሟ ጋር ታወራለች። «ደመናው ቋጥሯል፣ ተዘጋጅተናል» ይላታል። በሩን በዳሌዋ ገፋችው። እጀታው ወደ ላይ ተስቦ «ቀጭ» ካላለ በሩ እንደማይያዝ ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ የለም። «ቀጭ» ማለቱን ሰምታ ነበር? አልሰማችም ነበር? ደጋግማ አሰበች። ትዝ የሚላት የወንድሟ ድምፅ ብቻ ነው።

«ማነው መጨረሻ የዘጋው?» አለ ከኋላ የመጣ አንድ ሠራተኛ።

«እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ቁልፍ አለው?» አሉ ጋሽ ቁልፍ።

እሷ የዘገነችውን ፍሬ ወደ ከረጢቱ መለሰች።

* * *

ዘሩ መሞት አለመሞቱ የሚታወቀው አብቅሎ በማየት ነው። በአንድ ቀን የሚለይ የቀለም ኬሚካል ነበረ፤ ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄው በየቢሮው ሲንከባለል ቀርቷል። ስለዚህ የቀረው የወረቀቱ መንገድ ነው። ከእያንዳንዱ ከረጢት አራት መቶ ፍሬ ተቆጥሮ፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ ተደርድሮ፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ ማብቀያ ሳጥን ውስጥ ቆሞ አምስት ቀን ይጠበቃል።

የላቦራቶሪዋ ቴክኒሻን ከእሷ ጋር አብራ ያረጀች፣ ምላሷ የማይቦዝን ሴት ናት። ሰኞ ሙሉ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው ፍሬ ሲቆጥሩ ዋሉ።

«አምስት ቀን ምን አላት» አለች ቴክኒሻኗ። «እኔ ባሌን ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ እሱም በደንብ አልበቀለም።»

ዘጠና ቀን ልትስቅ ሞከረች፣ ፊቷ እንቢ አላት።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ዝናቡ ጀመረ። የላቦራቶሪው ቆርቆሮ ሲንጣጣ ሌላው ሁሉ ወደ መስኮት ሄደ፤ እሷ ባለችበት ቀረች። በጭንቅላቷ ቆጠራ ጀምራለች። ዛሬ አንድ። ዘጠና አምስት ቀን ቢዘንብ፣ ቁጥር አርባ ስድስት ደግሞ ሰማንያ ስምንት ቢፈልግ፣ በእጇ ያለው ትርፍ ሰባት ቀን ነው። ከሰባቱ አምስቱን ወረቀት ሊበላው ነው። ሳይጠብቁ የሞተ ዘር ቢዘሩ ደግሞ ዓመቱ በሙሉ ውሃ በላው።

ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ደህና ዋልክ?»

«ደህና ነኝ። እዚህ እንደ ጉድ እየወረደ ነው። መሬቱ ጠግቧል። መኪናው መቼ ይነሳል?»

«ትንሽ ታገሠኝ። እስከ ቅዳሜ።»

ዝናቡ በስልኩም ውስጥ ይሰማል።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም። ፍተሻ ነገር አለን።»

«ድምፅሽ ልክ አይደለም። የአባታችንን ራዲዮ ሰብረሽ ከአልጋ ሥር የደበቅሽ ጊዜ እንደዚህ ነበር የምታወሪው።»

«ወንድም ጋሼ፣ ቅዳሜ እነግርሃለሁ አልኩህ።»

«እሺ። ግን ሰዎቹ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ዘጠና ቀን ስትዪ ዘጠና ቀን ብለን ማሳ አሳድረናል። ልብ በይ።»

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ እሷንና ጋሽ ቁልፍን አስጠራቸው። ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ተዛንፎ ማየት የማይወድ ሰው ነው። ጋሽ ቁልፍ ወንበር ቢሰጣቸውም ቆመው ቀሩ።

«ሐሙስ ሲዘጉ የውስጡን በር አይተውታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«የውጩን ቆልፌያለሁ። የውስጡን...» ግንባራቸውን አሹት። «አይቼዋለሁ መሰለኝ። ወይም አላየሁም። እውነቱን ልንገርህ ልጄ፣ አላስታውስም።»

«አላስታውስም ማለት እኮ መልስ አይደለም። እስከ ዓርብ ማብራሪያ በጽሑፍ ያቅርቡ። ቸልተኝነት ከሆነ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ይሄዳል፣ ጡረታዎንም ሊነካው ይችላል። ዶክተር፣ እርስዎ የሚሉት አለ?»

አፏን ከፈተች። የምትናገረው እዚያው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመቱ መጣባት። ኮሚቴው መጣባት። ከሁለት ወር በኋላ ይሰጣታል የተባለው የምርምር ክፍል ኃላፊነት መጣባት። ደግሞስ እርግጠኛ መሆኗን በምን ታውቃለች? ምናልባት ዘግታው ይሆናል።

«ውጤቱን እንጠብቅ» አለች። ከራሷ አፍ ሲወጣ ራሷን አስጠላት።

* * *

ረቡዕ እህል አልወርድላት አለ። በየሰዓቱ ማብቀያ ሳጥኑን ከፍታ አንድ ጥቅል ታወጣለች፣ ጫፉን ገለጥ አድርጋ ታያለች፣ ትመልሳለች። ፍሬዎቹ ውሃ ጠጥተው አብጠዋል። የሞተም ያብጣል፣ ስለዚህ ማበጡ ምንም አልነገራትም።

«ተያቸው እባክሽ» አለች ቴክኒሻኗ። «እንደዚህ እየገለጥሽ ካየሻቸው ጤነኞቹም ይታመማሉ።»

ማታ ወደ ቤቷ ስትገባ ባሏ መንገድ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ክፍሉ የአንድ ሰው ሱሪ እያሳጠረ ነበር። ከጀርባው ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ብዙ ጊዜ የሆዷን የምታወጣው መኪናው ሲንቆራቆር ነው፤ ዓይን ለዓይን ስለማይተያዩ ይቀላል።

«በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች።

መኪናው ቆመ። ዞሮ ግን አላያትም።

«ሳልሆን አልቀርም ነው ወይስ እኔ ነኝ ነው?»

ትንሽ አሰበች። ወይም ያሰበች መሰለች። መልሱን ከሰኞ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«እኔ ነኝ። ጋሽ ቁልፍ የውስጡን በር መንካት ከተዉ ዓመታቸው ነው። ደንቡም መጨረሻ የወጣ ይዝጋ ነው የሚለው።»

«ሽማግሌው ያውቃሉ?»

«አያውቁም። እኔ ነኝ ብለው ይዘዋል።»

«ለምን?»

«እንጃ። አላስታውስም ይላሉ።»

ባሏ ሱሪውን ከመርፌው ሥር አውጥቶ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ፍርድ አልሰጣትም። አጠገቧ ቁጭ አለና ሻይ ላምጣልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እንቢ አለች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

* * *

ዓርብ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሄደች። ለምን እንደምትሄድ ለራሷ ቁርጥ አድርጋ አልነገረችም፤ ከረጢቶቹን ለማየት ነው ብላ ነበር የተነሳችው። ጋሽ ቁልፍ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ቁልፎቹን በሙሉ ከቀበቷቸው ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በነጭ ፕላስተር ቁርጥራጭ ላይ እየጻፉ በየቁልፉ ይለጥፋሉ። «ማዳበሪያ»፣ «ጋዝ»፣ «የዘር ክፍል ውጭ»።

«ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?»

«እንዳልረሳ ነዋ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በጨለማ ዳብሼ የማውቃቸውን ቁልፎች። አባቴም እንደዚህ ነው የጀመራቸው፣ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ በር መዝጋት ረሱ። ቀጥሎ የቤታቸውን መንገድ። በመጨረሻ እኔን ‹የማን ልጅ ነህ› ብለው ጠየቁኝ።» ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ሐሙስን ላስታውስ ብዬ ስቆፍር ስቆፍር አንድም ነገር አላገኝም። ባዶ ነው። ትናንት ሚስቴን ‹የልጆቻችንን የልደት ቀን ጠይቂኝ› አልኳት። ሦስቱን መለስኩ፣ የአራተኛዋን ሳትኩ። ሴትዮዋ አለቀሰች። እኔም ጡረታው ቀርቶብኝ ይኼ ባልመጣ አልኩ።»

ዘጠና ቀን የከረጢት ክምር ላይ ተቀመጠች። እስካሁን የመሰላት አንድ አዛውንት በእሷ ምክንያት ማብራሪያ እየጻፉ እንደሆነ ነው። ከዚህ የከፋ ነገር እየሠራች መሆኗን አላወቀችም ነበር።

«ጋሼ፣ በሩን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ቀና አሉ። «የቱን በር?»

«የውስጡን። ሐሙስ መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ። እጄ ሙሉ ነበር፣ ስልክ እያወራሁ በዳሌዬ ገፋሁት። እጀታውን አልሳብኩም። እርስዎ የሚያስታውሱት ያጡት የሚታወስ ነገር ስለሌለ ነው። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ የውጩን ቆልፈው ሄዱ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

ጋሽ ቁልፍ የያዙትን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ደስ ይላቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር ይሆናል፤ ፊታቸው ግን ቀስ እያለ ጠቆረ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ማነው?»

«ዓርብ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። አራቱን ጣት ዘርግተው አሳዩአት።

«አራት ቀን አእምሮዬን ስፈትሽ ነው የከረምኩት» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። «አራት ቀን። አንቺ እያወቅሽ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሂጂና የነገርሽኝን ለሱ ንገሪው። ይቅርታውን ሌላ ቀን እናየዋለን፣ ዶክተር።»

ያን ያህል ዓመት «ልጄ» ሲሏት ኖረው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ «ዶክተር» አሏት።

ዳይሬክተሩ ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ እንደገና አስቀመጠ። «ማክሰኞ ጠይቄዎት ነበር እኮ» አለ። «አዎ፣ ጠይቀውኝ ነበር» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅደሯ ውስጥ ገባ፤ የክፍል ኃላፊነቱም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያን ዕለት ግን ወደ ላቦራቶሪው ስትመለስ ስለዚያ አላሰበችም። ያሰበችው የቅዳሜን ጠዋት ነው።

* * *

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ጥቅሎቹን ፈቱ። ደህና የሆነው ፍሬ ነጭ ወፍራም ሥር ሰዶ ተጣምሞ ቆሟል። የሞተው ለስልሶ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ቅቤ ይፈርጣል። አንዷ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ትጽፋለች፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ።

ከኋላ ግድግዳ ሥር የነበሩት ሦስት ከረጢቶች ከመቶ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ሦስት በቀሉ። መካከል ላይ የነበሩት አራቱ ስልሳ አካባቢ። በሩ አጠገብ የነበሩት አምስቱ ደግሞ ከሠላሳ በታች፤ አንደኛው አሥራ አራት።

«አምስቱ ሄደዋል» አለች ቴክኒሻኗ።

«ሄደዋል።»

ዘጠና ቀን እርሳስ አንስታ ማስላት ጀመረች። ሦስቱ እንደወትሮው ይዘራሉ። አራቱ ግማሹን ያህል ጨምሮ፣ ጠጋ ጠጋ አድርጎ ቢዘራ የሞተውን ያካክሳል። ማሳዎቹን ትንሽ ጠበብ ካደረጉ ስድስት ገበሬ ይደርሳል። ኮሚቴው የሚቀበለው ትንሹ ቁጥር ደግሞ ስድስት ነው። አንድ ማሳ ቢበላሽ አለቀ። የአሥራ ሁለቱን ገበሬ ግማሽ ደግሞ ባዶ እጁን ትመልሳለች።

እሑድ ማለዳ ሰባቱን ከረጢት ጭና ወንድሟ መንደር ደረሰች። ገበሬዎቹ በወንድሟ ቤት ጣራ ሥር፣ ከፊሎቹ አግዳሚ ላይ፣ ከፊሎቹ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ዝናቡ ቀጭን ነው፣ የሚያባራ አይመስልም። ከመኪናው ሳትወርድ ወንድሟ ከረጢቶቹን በዓይኑ ቆጠረ።

«ሰባት ነው» አላት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ለሁሉም አንድ ላይ ልንገራቸው።»

ነገረቻቸው። በሩን ማን ክፍት እንደተወውም አልዘለለችም።

«ማለት» አለ አንድ ረጅም ጎረቤት፣ «እኛ ሌላ ዘር ትተን፣ መሬት አሳድረን፣ ስድስት ቀን ዝናብ ከእጃችን አውጥተን፣ ግማሾቻችን ወደ ቤት ግቡ ነው?»

«አዎ» አለች።

«ደፍረሽ መጥተሽ መናገርሽስ ደግ» አለች መንገድ ዳር ማሳ ያላት አንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ። «ግን ደግ መሆኑ አይዘራም።»

ወንድሟ ተነሳ። ከልጁ ደብተር ወረቀት ቀደደ፤ ዕጣ ይውጣ አለ። አሥራ አንድ ቁራጭ አጣጥፎ ባርኔጣው ውስጥ ሲከት ረጅሙ ጎረቤት ቆጠረና «አንድ ይጎድላል» አለው።

«የኔ ነው የሚጎድለው። እኔ አልገባም። ጎትጉቼ ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ።»

የወንድሟ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የያዘችውን ድስት አስቀመጠችው፣ ሲያስቀምጡት ከሚሰማው በላይ ተሰማ።

ለስድስቱ ዕጣ ወጣላቸው፤ ከነሱ አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያን ቀን ዘጠና ቀን ጫማዋን አውልቃ ከማሳ ማሳ እየዞረች፣ የዘሩን ርቀት በስንዝሯ እየለካች ዋለች። ሲጨርሱ መስመር የያዘ ጭቃ እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም። ዝናቡ ከጀመረ ስድስተኛ ቀኑ ነው።

* * *

ከዚያ በኋላ የነበረው ወቅት ለእሷ አንድ ረጅም ቀን ነበር። በየቅዳሜው በአውቶቡስ ትሄዳለች። በሁለተኛው ሳምንት አምስቱ ማሳዎች አረንጓዴ ሆኑ፤ ስድስተኛው፣ የሴትየዋ ማሳ፣ እዚህም እዚያም ብቻ ነው የወጣው። ዘሩ የመጣው ከስልሳዎቹ ከረጢት ነበር፤ ከባዱ አፈር በዝናብ ታሽቶ ገጹ ሲደርቅ ደካማው ቡቃያ ሊሰብረው አልቻለም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የቆመው።

«ልገለብጠው ነው» አለች ሴትየዋ። «ሌላ ነገር እዘራበታለሁ።»

ዘጠና ቀን ጉልበቷን ጭቃ ላይ አድርጋ አንዱን ቡቃያ ነካችው። ይህ ማሳ ከተገለበጠ ኮሚቴው አይመጣም። ይህን ብቻ ብላ ብትለምናት ግን ሌላ ውሸት ይሆንባታል።

«ብትገለብጪው አልፈርድብሽም» አለቻት። «ቢቆይ ለእኔ ይጠቅመኛል፤ ኮሚቴው ስድስት ማሳ ነው የሚፈልገው። ለአንቺ ምን ያህል እንደሚሰጥሽ ግን አላውቅም። ተክሉ ቦታ ሲያገኝ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ከተኮተኮተ የጎደለውን በከፊል ይሞላል። በከፊል ነው የምልሽ።»

«ማን ይኮተኩተዋል?»

«እኔ።»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «በዚህ ወገብ?» አለች። ግን አልገለበጠችውም። አሥር ቅዳሜ አብረው ኮተኮቱ። ሴትየዋ ወሬ ትወድ ነበር፤ ስለ ሟች ባሏ ማንኮራፋት ሳይቀር ነገረቻት። ዘጠና ቀን እየሰማች ሰማዩን ታያለች።

ዝናቡ ዘጠና ሁለት ቀን ዘንቦ ቀጥ አለ። ከታሰበው ሦስት ቀን ቀደመ። ተክሎቹ ሰማንያ ስድስት ቀናቸው ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አልነካትም፤ ወንድሟን ጠዋትም ማታም እየደወለች «ቅጠሉ እንዴት ነው?» ትለዋለች። እሱም «ቢጫ ነው፤ ትናንትም ቢጫ ነበር፤ ነገም ቢጫ ነው» እያለ ይመልስላታል። ፍሬው ግን ዝናቡ ሳይሄድ በፊት ሞልቶ ነበር። በዘጠናኛው ቀን ኮሚቴው ሲመጣ አምስቱ ማሳዎች ደርቀው፣ ፍሬያቸውን ይዘው ቆመዋል።

ስድስተኛውን ራሷ ወስዳ አሳየቻቸው። ተክሎቹ ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው እንደ ቁጥቋጦ ተንዠርግገው ነበር። ሰብሳቢው፣ ሸበቶ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቆጠረ።

«ይህ ማሳ ምን ሆኖ ነው?»

ስለ በሩ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወረቀቱ ፍተሻ ሁሉንም ነገረችው። እሱ እየሰማ ጻፈ። ምርቱ ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ ነበር፤ በግማሽ ያነሰ ተብሎ ተመዘገበ፤ ስድስተኛ ማሳ ሆኖ ግን ተቆጠረ። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ደብዳቤው መጣ። ቁጥር አርባ ስድስት እንዲባዛና እንዲሰራጭ ተፈቅዷል፤ የዘር አቀማመጡ በልዩ ጥንቃቄ ይያዝ የሚል አንድ መስመርም አለበት።

ደብዳቤውን መጀመሪያ ያሳየችው ለጋሽ ቁልፍ ነው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ዶክተር» አሉና መልሰው ሰጧት። ከልባቸው ነው ያሉት፤ አጠራሩ ግን ያው ነው። ጡረታቸውን ሳይጎድልባቸው ወጡ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ጤናዋን ይጠይቋታል፤ «ልጄ» ግን አልተመለሰችም።

በዚያው ቅዳሜ ወደ ወንድሟ ሄደች። ማሳው ላይ ዘግይቶ የዘራው የድሮው አኩሪ አተር ነበር፤ ዝናቡ ሲሄድበት ፍሬው ገና አልሞላም። ያገኘው ጥቂት ነው፤ እሱም የተጨማደደ። ወንድሟ ጎረቤት ሊያግዝ ሄዷል። ሚስቱ ደጅ ሸራ ላይ ተቀምጣ ደህናውን ከተጨማደደው ትለያለች። ከዚያ ከዕጣው ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ብዙም አላነጋገረቻትም።

«ተፈቀደ» አለች ዘጠና ቀን፣ ቆማ።

«ነግሮኛል።»

«ለከርሞ የመጀመሪያው ከረጢት የእናንተ ነው። አሁኑኑ ስማችሁን አስጽፌያለሁ።»

የወንድሟ ሚስት እጇን አላቆመችም። አንድ የተጨማደደ ፍሬ አንስታ ወደ ጎን ወረወረች፣ ሁለተኛም። ከዚያ ሳታያት ሸራው ላይ ጠጋ አለችላት።

«በዚያ በኩል ያለውን ልቀሚ» አለች። «ጥቁሩን አትተዪ፣ ሌላውን ያበላሸዋል።»

ዘጠና ቀን ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪነሳ ድረስ ሁለት ሰዓት ነበራት። ብዙም ሳያወሩ ለቀሙ።